ቤኔቶ ወይስ ዣኖ?

ሁለቱም የፈረንሳይ የሸራ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። ሁለቱም በምዕራብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ያለችው የቫንዴ አውራጃ ልጆች። አነሳሳቸው ግን ለየቅል ነው።

ቤኔቶ ከዓሣ አጥማጆች መንደር ነው የወጣው። ቤንዣማን ቤኔቶ እ.ኤ.አ. በ1884 ክሯ ደ ቪ ወደብ ላይ ሥራ ሲጀምር የሚሠራው መረብ ለሚጥሉት እንጂ ለሽርሽር ለሚወጡት አልነበረም። ዣኖ ደግሞ በ1957 የተጀመረው ከባሕር ራቅ ባለችው ሌ ዜርቢዬ ነው፣ ያውም በብረታ ብረት ነጋዴ! የመጀመሪያ ጀልባዎቹም ባለ ሞተር ነበሩ።

በሸራው በኩል ዣኖ ቶሎ ቀንቶታል። በ1970 የወጣችው ሳንግሪያ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ብትሆንም ቤተሰብ ይዛ የምታድር ጀልባ ናት፤ ከ2,000 በላይ ተሠርታለች። ቀላል ቁጥር አይደለም።

ለእኔ ግን ታሪኩ የሚጥመው የቤኔቶ ነው። የእንጨት ጀልባ ገበያው ሲቀዘቅዝ የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኔት ሩ በ1964 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆና ድርጅቱን ተረከበችና ከወንድሟ ጋር ፊቷን ወደ ፋይበርግላስና ወደ መዝናኛ ጀልባ አዞረች። በ1970ዎቹ ፈርስት የተባሉት ጀልባዎች ተከተሉ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት።

በ1995 ቤኔቶ ዣኖን ራሱን ገዛው። ዛሬም ግን ሁለቱ በየስማቸው ይሸጣሉ፤ ገዢውም ከአንድ ቤት ሁለት ልጆች መሃል ያማርጣል።