የላስቲክ ሳር ወይስ ሰርዶ? ሁለቱንም በአንድ ግቢ ከሞከርኩ በኋላ

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አምስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ግቢዬን ላሳምር ነው፤ የላስቲኩን ሳር ልግዛ ወይስ የእውነቱን ልትከል?» አንዷ ጓደኛዬ እንዲያውም የደወለችልኝ መርካቶ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ሻጩ ጥቅልሉን እየዘረጋላት ነው። በስልክ ግማሹን ተናግሬ ግማሹን እየረሳሁ ስለተቸገርኩ፣ ይኸው ሁሉንም ልጻፈው።

መልሴን ላስቀድም። አፈር ያለው ግቢ ካላችሁ ሰርዶ ትከሉ። ላስቲኩን አትግዙ።

ግቢዬ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ነው። ትልቅ አይደለም፤ 5.5 ሜትር በ4 ሜትር፣ 22 ካሬ። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነበር። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መንገድ ዳሩ ሁሉ ሳር ለብሶ ስናይ፣ ሁላችንም በግቢያችን ማፈር ጀምረናል። እኔ ግን ከዚያም በፊት፣ ጥቅምት 2016 ላይ ነው ቸኩዬ ላስቲኩን የገዛሁት።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። ካሬው 650 ብር ነበር። 22 ካሬ 14,300 ብር ወጣ። ከሥር ለማስተካከያ አሸዋ 2,000። ማጣበቂያ ማስቲሽ 1,200። ላነጠፈው ሰው 2,500። ድምር 20,000 ብር። ሻጩ «አሥር ዓመት አይነካም» ብሎኝ ነበር። ግንቦት 2017 ላይ ጠቅልዬ አወጣሁት። 19 ወር ማለት ነው። 20,000ውን ለ19 ስታካፍሉት በወር ከ1,050 ብር በላይ ለላስቲክ ኪራይ ከፍያለሁ።

ምን ሆነ? መጀመሪያ መገጣጠሚያው ተከፈተ። ጥቅልሉ 2 ሜትር ስፋት ስላለው ለ4 ሜትር ግቢ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ይነጠፋል። መሃል ላይ የሚያያዘው በማስቲሽ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ውሃው ከሥር ገባ፣ ማስቲሹ ለቀቀ፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ልጆች እየተደናቀፉ ወደቁ። ገልጬ ሳየው አሸዋው ጠቁሯል፤ ሽታውም አያስቆምም። ጀርባው ላይ ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች መኖር ነበረባቸው። የኔ ላይ ቀዳዳዎቹ ከላይ ምልክት ብቻ ናቸው፤ ወደ ታች አልተበሱም። ስገዛ ገልብጬ ወደ ብርሃን ይዤ ባየው ኖሮ ያኔውኑ አውቀው ነበር።

ቀጥሎ ቀለሙ ሄደ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። እንዲያውም ከፍታው ጨረሩን ያበረታዋል። የጨረር መከላከያ ያልተጨመረበት ላስቲክ በዚህ ፀሐይ ቶሎ ይገረጣል፣ ይሰባበራል። በአንድ በጋ ብቻ ፀሐይ የሚመታው ወገን አመድማ ሆነ፣ ከግንቡ ሥር ያለው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ስጠርገው ክሩ በመጥረጊያው እየተነቀለ ይወጣ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በባዶ እግር አይረገጥም። የእህቴ ትንሽ ልጅ አንዴ ረግጦት አልቅሶ ተመለሰ።

የባሰው የፋሲካ ዕለት ነው። እናቴ ቄጠማ ልትጎዘጉዝ ይዛ ወጣች። ላስቲኩን አየችው። «ልጄ፣ እዚህ ላይ እንዴት ይጎዘጎዛል?» አለችኝና ቄጠማውን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ቀን ግን ቡናውን ውጭ እናፍላ ብለን ቀረብን። ከከሰል ማንደጃው አንድ ፍም ተፈናጥሮ ወደቀ። ለማንሳት እስክጎነበስ ላስቲኩ ሲኒ መቀመጫ የሚያህል ቀልጦ ጠቆረ። በማግስቱ ያንን ቀዳዳ ልጥፍ ብዬ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ያው ቀለም የለም። ቢኖርም ከሙሉው ስፋት በታች አይቆርጡም። ማለትም ትንሹ የሚሸጡት 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ 2 ካሬ። ያኔ ካሬው 1,100 ደርሷል። ለአንዲት ቀዳዳ 2,200 ብር! ትቼው መጣሁ።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደዘለለ ግልጽ ነው። ዕቃው የውጭ ነው፣ የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ገባ። ላስቲኩም አብሮ ወጣ። በ1,100 ሒሳብ የኔን 22 ካሬ ያኔ እንደ አዲስ ላንጥፍ ብል ጥቅልሉ ብቻ 24,200 ይፈጅ ነበር። ሰርዶ ግን የሚበቅለው እዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የተከልኩበትን ወጪ አንድ በአንድ እነሆ። አንድ አይሱዙ ቀይ አፈር 7,000 ብር። አሥር ጆንያ የደረቀ ፍግ፣ አንዱ 120፣ 1,200 ብር። ሁለት የቀን ሠራተኛ ለሁለት ቀን፣ አንዱ በቀን 700፣ 2,800 ብር። ሳሩ ራሱ በካሬ 250 ብር ሆኖ 6 ካሬ ብቻ ገዛሁ፣ 1,500 ብር። 20 ሜትር የውሃ ጎማ በ90 ብር፣ 1,800። ድምሩ 14,300 ብር መጣ። የላስቲኩ ጥቅልል ብቻ የበላው ያንኑ ያህል ነው።

«ለ22 ካሬ 6 ካሬ ሳር እንዴት ይበቃል?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም፤ ሙሉውን 22 እንድትገዙ ይፈልጋሉ። ሙሉውን ብገዛ 5,500 ብር ይወጣ ነበር፣ ከሦስት እጥፍ በላይ። ሰርዶ ግን መሬት ለመሬት የሚሄድ ሐረግ አለው። በየአንጓው ሥር ያወጣል። ስለዚህ ከነአፈሩ የተቆረጠውን ሳር መዳፍ በሚያህል ቁራጭ እየገነጠላችሁ በአንድ ስንዝር ርቀት ትተክላላችሁ። የቀረውን ክረምቱ ይሠራዋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ተከልኩ። ሐምሌን ሙሉ ግቢው ሽፍታ የወጣበት ይመስል ነበርና ጎረቤቶች «ምነው አልያዘልህም እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሐረጎቹ ተገናኙ። ለመስቀል ደመራው ሲለኮስ ባዶ አፈር አይታይም ነበር።

ሲገዙ ግን ማጭበርበር እዚህም አለ። ብዙ ሰው የሚገዛው ከወንዝ ዳር በአካፋ ተገፍፎ የመጣ ነው። ሰርዶ ተብሎ ግማሹ እንግጫ ይሆናል። ለይቶ ማወቂያው ቀላል ነው፤ አንዱን ግንድ ንቀሉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አንከባሉት። አልሽከረከር ብሎ ሦስት ጠርዝ ከቆረቆራችሁ እንግጫ ነው። የሰርዶ ግንድ ክብ ስለሆነ ይንከባለላል። እንግጫ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲነቀል ደስ ይላል፣ ግቢ ውስጥ ከገባ ግን ከሥሩ ያለችው ፍሬ ካልወጣች ተመልሶ ይበቅላል። እኔ ከገዛሁት 6 ካሬ አንዱን እንዲህ ለይቼ መለስኩ። ሌላው፣ ሳሩን ግለጡና ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል አፈር መኖሩን እዩ። አፈሩ የረገፈበት ሥር ደርቋል። የተደራረበውንም እጃችሁን ከትታችሁ ዳስሱት። ከሞቀ ከትናንት በስቲያ የተቆረጠ ነው፣ ውስጡ እየታመቀ ነው ማለት ነው። ጠዋት ግዙ፣ ያንኑ ቀን ትከሉ።

አንዳንዱ ሻጭ ኪኩዩ የሚባል ሌላ ሳር ያቀርብላችኋል። ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴነቱ ደማቅ ነው። በደጋ ምድር የለመደ ስለሆነ እዚህ በደንብ ይበቅላል። ውሃ ግን አብዝቶ ይጠጣል፣ በክረምት ደግሞ በየሳምንቱ ማጨድ ይፈልጋል። የውሃ ችግር የሌለበት ቤት ካላችሁ እሱን ብትመርጡ አልቃወምም። በፈረቃ ውሃ ለምንኖር ሰርዶ ይሻላል።

ውሃውን ካነሳን ላስቲኩ የሚያሸንፍበት ብቸኛ ነገር ይህ ነው፣ አልክድም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። በበጋ ሳር በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ለኔ 22 ካሬ በሳምንት 550 ሊትር ይሆናል፣ ከ1,000 ሊትር ሮቶ ግማሽ በላይ። እኔ ግን ይህን ያህል አላጠጣም። የግማሹን ግማሽ ከልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አገኛለሁ፤ በረኪና የገባበትን ብቻ አልደፋም። ሁለት ቀን አልፌ ከመሸ በኋላ በደንብ አርሰዋለሁ እንጂ በየቀኑ አልረጭም። በየካቲት ቢጫ ሆኖብኝ ነበር። ሰርዶ ቢጫ ሲሆን አልሞተም። ሥሩ ተኝቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ የዘነበ ጊዜ በሳምንቱ ተመለሰ። ውሃ በቦቴ የምትገዙ ከሆነ ግን እዚያ ላይ አትድከሙ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ ትከሉ።

ጎማውን በተመለከተ አንድ ኪሳራዬን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የገዛሁት በሜትር 45 ብር የሆነውን ነው። 20 ሜትር 900 ብር። በሁለት ወሩ ፀሐይ አደረቀው፣ በየታጠፈበት ተሰነጠቀ። ጫፉን አጥፋችሁ እዩት፤ የታጠፈበት መስመር ነጭ ከሆነና ሲለቀቅ ካልጠፋ አትግዙት። ሁለተኛው፣ በግድግዳው ውስጥ መረብ የመሰለ ክር ያለው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ያን 900 ብር ከጨመርኩ የሳሩ ወጪ 15,200 ነው። አሁንም ከላስቲኩ 4,800 ብር ይቀንሳል።

ለዶማና ለአካፋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ዶማ በ450 ብር ገዛሁ። ከሱቅ የሚገኘው አዲሱና የሚያብለጨልጨው 300 ብር ነበር፤ የሠራተኛው ዶማ እሱ ነበርና በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ላይ ተጣጠፈ። መሬታችን ከላይ መረሬ (ጥቁር አፈር)፣ ከሥሩ የድሮ ግንብ ፍርስራሽ ነው። ቀጭን ብረት አይችለውም። መረሬውን ደግሞ እንዲያው አትትከሉበት። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ውሃ ይይዛል። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ከቀይ አፈሩና ከፍጉ ጋር ቀላቅሉት። አብዛኛው ድካም እዚህ ነው፣ አብዛኛው ገንዘብም እዚህ ነው። ይህን ዘሎ ሳሩን ከላይ የደረበ ጎረቤት አለኝ፤ ጥቅምት ላይ ሁሉም ተልጦ ወጣ።

ላስቲክ የሚሆንበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሊሾው ላይ ለሚነጠፍ 3 ካሬ፣ ጥላ ካለው፣ ይሁን። ያኔ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ለእኔ የክሩ ቁመት 30 ሚሊ ሜትር የተባለው ቤት ገብቼ ስለካው 20 ነበር። ክሩን በጥፍራችሁ ቆንጥጣችሁ ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ አይሆንም። ጀርባውን ወደ ኋላ እጠፉት፣ ከተሰነጠቀ አይሆንም። ወደ ብርሃን አንሱት፣ ቀዳዳው ይታያል ወይ? ለሱቅ በር ጠራጊ ምንጣፍነትም ጥሩ ነው። ከኔ የተረፈውን አንድ ቁራጭ የሮቶው ቧንቧ ሥር አድርጌዋለሁ።

አሁን ግንቦት ነው። ዘንድሮ የምትተክሉ ቁፋሮውን በዚህ ወር ጨርሱ፣ አፈሩ ዝናብ ሳይነካው ይደላደል። ሳሩን ሰኔ አጋማሽ ላይ ግዙ። ክረምቱ ከበረታ በኋላ ፈላጊው ሲበዛ ሻጮቹ ካሬውን ይጨምራሉ፤ አምና ሐምሌ ላይ 250 የነበረው 350 ተብዬ ነበር። መርካቶ ሆና የደወለችልኝ ጓደኛዬ ጥቅልሉን ትታ ወጣች። የእሷ ግቢ 9 ካሬ ነው። ሰኔ 15 ማዳበሪያ ጆንያ ይዛ ትመጣለች፣ ከኔ ግቢ ጥግ 2 ካሬ ቆርጬ እሰጣታለሁ። የሳሯ ዋጋ ዜሮ ብር ነው። የኔ የተቆረጠበት ቦታ ደግሞ እስከ መስከረም ራሱን ይሸፍናል።