ቢሲ ሬሲንግ ቢአር ኮይልኦቨር በቶዮታ 86 ላይ፦ ዕቃው ደህና ነው፣ ገጠማው ነው የሚያበላሸው

ለመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 እና ለመንትያው ሱባሩ ቢአርዜድ (ሁለቱም ከ2012 ጀምሮ የተሸጡ) ከሚገኙት ኮይልኦቨሮች (ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ተገጣጥመው ቁመታቸው የሚስተካከል) መካከል የታይዋኑ ቢሲ ሬሲንግ ቢአር ብዙ የሚወደስም ብዙ የሚወቀስም ነው። «ያንገጫግጫል፣ ይንኳኳል፣ መኪናዋን ያዘልላታል» የሚሉት ቅሬታዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ ዕቃው ከካርቶን ከወጣ በኋላ የተፈጠሩ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ሙሉው ስብስብ ከ1,000 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ይገኛል። በዚህ ገንዘብ አራት ሞኖቲዩብ (ባለ አንድ ቱቦ) ሾክ አብዞርበር ከነሞላቸው፣ ለፊቶቹ ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዘንበል) የሚስተካከልበት የላይኛው ማቀፊያ፣ 30 ደረጃ ያለው የጥንካሬ ማዞሪያ እና የቀለበት ቁልፎች ይመጣሉ። ተገጣጥሞ ስለሚመጣ የሞላ መጭመቂያ መዋስ የለም። አሮጌውን ሾክ ስታወጡ ግን የመሃል ዳዶውን እንዳትነኩት፤ ሞላው ታምቆ ነው ያለው፣ ከተፈታ እጅም ፊትም አይምርም።

ቁመቱ ላይ ቆም እንበል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ቢአር ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች አሉት። ከታች የሾኩ አካል ከእግሩ ማቀፊያ ጋር በጥርስ ተያይዟል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ መኪናው ዝቅ ይላል፣ የሾኩ ጉዞ (ዘንጉ የሚገባና የሚወጣበት ርቀት) ግን አይነካም። ከላይ ያለው የሞላው መቀመጫ ቀለበት ነው፤ ሥራው ሞላውን ሳይላላ መያዝ ብቻ ነው። መኪናው ዝቅ እንዲል ብሎ ይህን ቀለበት የሚያወርድ ሰው፣ ጎማው በተንጠለጠለ ቁጥር ሞላው ከመቀመጫው ይላቀቅበታል፤ ሾኩም ለመታመቅ የቀረው ጉዞ አጥሮ በየጉብታው ከላስቲክ መቆሚያው ጋር ይላተማል። ከፍ እንዲል ብሎ የሚያጠብቀው ደግሞ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበትን ጉዞ ይበላዋል፤ ጉድጓድ ላይ ጎማው አስፋልቱን ይለቃል። ትክክለኛው አሠራር ቀለበቱን በእጅ እያዞሩ ሞላው ሲነቀነቅ እስከማይላወስ ድረስ ማምጣት፣ ከዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ጨምሮ መቆለፍ፣ ግራና ቀኙንም በመለኪያ ማመሳሰል ነው። ከዚያ በኋላ ቁመት የሚነካው በታችኛው ማቀፊያ ብቻ ነው።

ምን ያህል ዝቅ? 25 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከዚያ በላይ አይመከርም። የ86 ፊት ማክፈርሰን ነው፤ ማለትም ጎማውን ከላይ የሚይዘው ሾኩ ራሱ ነው። ከመጠን በላይ ሲወርድ የታችኛው ክንድ በጎማው በኩል ሽቅብ ያዘነብላል፤ መኪናው የሚያጋድልበት ማዕከልም ከክብደቱ ማዕከል ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ መሬት የላሰችው መኪና ኩርባ ላይ ሞላዋ ካልጠነከረ ይበልጥ ታጋድላለች፤ ጉብታ ላይም ጎማው በራሱ አቅጣጫ ይቀይራል። ለፎቶ ያምራል፣ ለመንዳት አይሆንም።

ከመፍታታችሁ በፊት ደልዳላ ወለል ላይ፣ የጎማው ነፋስ ልክ ሆኖ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ጎን ለክታችሁ ጻፉ። ከመሬት መለካት የጎማውን እልቀትና ነፋስ ስለሚቀላቅል ያሳስታል።

ፊቱ ሲሠራ የጎማዎቹን ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ ሳለ አላሏቸው፤ ከዚያ በክሪክ አንስታችሁ በመደገፊያ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እጅ አይገባም። የፍሬን ቱቦውን ማሰሪያና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ ላይ ፍቱ። የስዌይ ባሩን (ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ማጋደል የሚቀንስ ብረት) ሊንክ በሁለቱም ጎን ፍቱ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተፈታ ባሩ እየገፋ ያስቸግራል። ሾኩን ከጎማው እጅ (ጎማውን ከሚሸከመው ብረት) ጋር ከሚያያይዙት ሁለት ቡሎኖች የላይኛው የካምበር ቡሎን ነው፤ ከመፍታት በፊት ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉበት። የቡሎኑን ራስ ይዛችሁ ዳዶውን አዙሩ። ቡሎኖቹ ሲወጡ እጁ ወደ ውጭ ይወድቃል፤ በሽቦ ካልታሰረ የፍሬን ቱቦው ክብደቱን ይሸከማል። ከኮፈኑ ስር ያሉት ሦስት ዳዶዎች መጨረሻ ይፈታሉ፣ ያኔ ከታች የሚደግፍ ሁለተኛ ሰው ይኑር።

ኋላው ይቀላል። የዕቃ መጫኛውን የጎን ልብስ ገልጦ የላይኞቹን ዳዶዎች፣ ከታች አንዱን ቡሎን መፍታት፣ ክንዱን ወደ ታች ተጭኖ ሾኩን ማውጣት ነው። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ሾኩ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ ታች 10 ሚሊሜትር ስታዞሩ መኪናው ከ10 በላይ ይንቀሳቀሳል። ፊቱ ላይ ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው።

በሾኩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ በኢምፓክት ማሽን የሚመታ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። ዘንጉ አብሮ ይሽከረከርና የዘይት መያዣውን ላስቲክ ይጎዳል፤ ከሳምንታት በኋላ ሾኩ ሲያለቅስ ወቀሳው ለፋብሪካው ይሆናል።

የክንዶቹ ቡሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሙሉ በሙሉ አይጠበቁም። የጎሚኒው ላስቲክ ከመሃሉ ብረት ጋር የተጣበቀ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ያንን ቦታ ቤቱ ያደርገዋል፣ መኪናው ሲወርድ ደግሞ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል። መኪናው ከፍ ብሎ የቆመ ይመስላል፣ ላስቲኩም ቀድሞ ይቀደዳል። መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ወይም ክንዱን በክሪክ ወደ መንጃ ቁመቱ አንስታችሁ፣ በሰርቪስ ማንዋሉ የቶርክ ቁጥር እሰሩ። የጎማው ዳዶ 120 ኒውተን ሜትር ነው።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ሳይሠራ መኪናው ቢነዳ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ በቅርቡ ያልቃል። በፋብሪካው የፊት ካምበር ዜሮ አካባቢ ነው፤ ለመንገድና አልፎ አልፎ ለትራክ ከ2 እስከ 2.5 ዲግሪ ኔጌቲቭ (የጎማው አናት ወደ ውስጥ) ይስማማል፣ የፊት ቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው) ዜሮ፣ የኋላው ትንሽ ወደ ውስጥ። ካምበር ከሾኩ ግርጌ ባለው የካምበር ቡሎን ስትጨምሩ የጎማው አናት ወደ ሾኩ ይጠጋል፤ በላይኛው ማቀፊያ ስትጨምሩ ግን ሾኩና ጎማው አብረው ስለሚያዘነብሉ ክፍተቱ አይለወጥም። ሰፊ ጎማ ያሰረ ሰው አብዛኛውን ከላይ ያምጣ፤ በጎማውና በሾኩ መካከልም ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ይቅር። ኋላ ላይ ከፋብሪካው የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፤ ካምበሩን ለማስተካከል የሚረዝም የታችኛው ክንድ ለብቻ ይገዛል።

ማዞሪያው ላይ፦ ከጠንካራው ጫፍ ጀምራችሁ ቁጠሩ፣ 15 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ደረጃ ብቻ ቀይሩ። «30ውን አጥብቀን ስፖርት አደረግነው» ማለት ጎማው ከጉብታው ሳይመለስ ሌላ ጉብታ ላይ ማረፍ ነው። አንድ ማዞሪያ ብቻ ስለሆነ መታመቁንና መመለሱን ለየብቻ መቆጣጠር አይቻልም፤ ያንን የፈለገ ወደ ኬደብሊው ቫሪያንት 3 ይሂድ፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ማዞሪያ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ቢልስታይን ቢ14 ይሻለዋል፦ ቁመት እንጂ ጥንካሬ አይስተካከልም፣ ስለዚህ የሚሳሳቱበት ነገር ያንሳል። ጀርመን ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ለመኪናችሁ የቲዩቪ (የመኪና ምርመራ ድርጅት) ሰነድ መኖሩን አረጋግጡ፤ ያለ እሱ መኪናው በሕግ መንገድ ላይ አይወጣም።

የላይኛው ማቀፊያ ላስቲክ የሌለው የብረት ኳስ ስለሆነ ትንሽ ድምፅ ይኖራል፣ እሱ ጉድለት አይደለም። ጎልቶ የሚንኳኳ ከሆነ ግን በቅደም ተከተል የስዌይ ባር ሊንኩን፣ የላይኞቹን ዳዶዎች፣ ከዚያ የመቆለፊያ ቀለበቶቹን ፈትሹ። ሞላው እስኪረጋ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁመቱን እንደገና ለኩ፣ ሁሉንም ቡሎን እንደገና እሰሩ፣ ቁመቱ ከተቀየረ አላይመንቱም ይደገማል። በበረዶ ወራት መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ ቦታዎች የአሉሚኒየም ቀለበቶቹ ከጥርሱ ጋር ይነክሳሉ፤ በውሃ አጥባችሁ በናይሎን ብሩሽ አጽዱ፣ ግራሶ ግን አትቀቡ፣ አሸዋ ይሰበስባል።