በሐዋሳ የቤት አትክልተኛ መቅጠር፦ የሦስት ቅጥሮች ግምገማ

ባለፉት ሁለት ዓመታት ለግቢያችን ሦስት አትክልተኞችን በሦስት የተለያየ መንገድ ቀጥረናል። የመጀመሪያውን በደላላ፣ ሁለተኛውን ከመንገድ ዳር የችግኝ መሸጫ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በጎረቤት ምስክርነት አገኘናቸው። ቤታችን ከታቦር ተራራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሲሆን፣ ግቢው ሰፊ ባይባልም የተተከለበት ነገር ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ ከፊት ለፊት ሰርዶ፣ በአጥሩ ዙሪያ የፈረንጅ ጥድ፣ ከበሩ በላይ ቡገንቪሊያ፣ በጎን ሁለት የተዳቀሉ አቮካዶዎች፣ ከጓሮ ደግሞ አማቴ ከገጠር አምጥተው የተከሏቸው ስድስት እንሰቶችና ጥቂት ሙዞች አሉ። አትክልተኛ የመምረጥ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ሣር ማጨድ የሚችል ሰው ሁሉ እነዚህን በሙሉ ያውቃል ማለት አይደለምና።

ደላላው ያመጣው ወጣት ብርቱ ሠራተኛ እንደነበር መመስከር ይገባኛል። በአንድ ቀን ሰርዶውን አጭዶ፣ አረሙን ነቅሎ፣ ቆሻሻውን ከበር ውጭ ከምሮ አስረከበ። በሁለተኛው ቀን ጥዱን ደህና አድርጎ እንዲያሳጥረው ነገርኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ማታ ስመለስ አረንጓዴው ክፍል ተላጭቶ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ያለው ቅርንጫፉ ሲከረከም መልሶ ይለመልማል፤ ቅጠል አልባ እስከሆነው አሮጌ እንጨት ድረስ ከተቆረጠ ግን ከዚያ እንጨት አዲስ ቅጠል አያወጣም። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ጠብቀን አንድም ቡቃያ አላየንም። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው፤ «አሳጥረው» ስል በእጄ መጠኑን አላሳየሁትም፣ ከዚህ በፊት ጥድ ከርክሞ ያውቅ እንደሆነም አልጠየቅሁትም። ደላላውም ቢሆን «ልምድ አለው» ከማለት ያለፈ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የድለላ ክፍያውን ግን ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተቀብሏል።

ሁለተኛው ሰው ችግኝ ሻጭ ነበር። በከተማችን ዋና መንገዶች ዳር የሚደረደሩትን የአበባ ችግኞች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ እነዚህ ነጋዴዎች ለውበት ዓይን አላቸው፤ የእኛም ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የግቢውን መግቢያ ሠርግ ቤት አስመሰለው። ችግሩ በመጣ ቁጥር አዲስ ማሰሮ ይዞ መምጣቱ ነበር። የሐዋሳ አፈር በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ድንጋይ የመጣ አሸዋማ አፈር ስለሆነ ውሃ አይዝም፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በየቀኑ ውሃ የሚጠይቅ አበባ መደርደር ውሎ አድሮ ጀሪካን መሸከም ነው። ቡገንቪሊያውንም እንደ ሌሎቹ በየማለዳው ያጠጣው ስለነበር ቅጠሉ ተትረፍርፎ አበባው ጠፋ፤ ይህ ተክል የሚያብበው ውሃ ሲቆጠብበት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። አዲስ ግቢ ለማስዋብ ለሚፈልግ ሰው ይህን ዓይነት ባለሙያ እመክራለሁ፤ ያለውን ለመንከባከብ ግን አልመክርም።

ሦስተኛው አትክልተኛ ዕድሜያቸው የገፋ የሲዳማ ተወላጅ ናቸው። ያገናኘችን ጎረቤታችን «ብዙ አይናገሩም፤ ግን አትቸኩይባቸው» አለችኝ። በቀደሙት ሁለት ቅጥሮች ተምሬ ስለነበር የአንድ ቀን ሙከራ በሙሉ ክፍያ እንዲሠሩ ጠየቅኋቸው። እስከ ረፋዱ ድረስ አንድም ነገር አልቆረጡም። ግቢውን ዞረው፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ልጆቹ የት እንደሚጫወቱ፣ ሙዙ ከማን ቤት እንደመጣ ጠየቁ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዘልቀው የእንሰቱን የደረቁ ቅጠሎች ማጽዳት ከመጀመራቸው በፊት «እትዬ፣ ትንሽ እሳት ይገኛል?» አሉኝ። ቡና ሊያስፈሉ መስሎኝ ከሰል ሳቀርብላቸው ቢላዋቸውን እሳቱ ላይ እያገላበጡ አሞቁት፤ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ባለፉ ቁጥርም ይህንኑ ደገሙት።

ነገሩ ወግ ብቻ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1968 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተገለጸ ሲሆን ሙዝንም ያጠቃል፤ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱም ያልጸዳ ቢላዋ ነው። የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ መከላከያው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና መሣሪያን ማጽዳት ነው። የእኛ እንሰቶች ጤነኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ሰውዬው በዚያው ሳምንት የማንን ጓሮ እንዳጸዱ እኔ አላውቅም፣ እሳቸው ግን ያውቃሉ። የቀጠርኳቸው በዚያች ቅጽበት ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ አትክልተኛ የሚፈልግ ወዳጅ ሲጠይቀኝ ስለ ልምድ ዓመታት መጠየቅ እንዲተውና የተዳቀለ አቮካዶ ፊት እንዲያቆመው እነግረዋለሁ። አቮካዶ ሲዳቀል የታችኛው ግንድ ከአንድ ዘር፣ የላይኛው ከሌላ ዘር ስለሚሆን፣ ከመገጣጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ካልተወገደ የተፈለገውን ዝርያ ያቀጭጨዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያንን ቁጥቋጦ ሳይነገረው ያየዋል፤ የማያውቀው «ዛፉ እየደረጀ ነው» ይላል። ትኩስ ፍግ ሥር ላይ የሚያፈስ ሰውም መሰናበት አለበት፤ ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላልና።

ስለ ውሉ ትንሽ ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቀጣሪውና ለቤተሰቡ ለትርፍ ሳይሆን የሚሰጠውን የአትክልተኝነት ሥራ እንደ ጽዳት፣ ጥበቃና ሹፌርነት ሁሉ የግል አገልግሎት ብሎ የሚፈርጀው ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ቅጥር ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ዕረፍቱም ሆነ የጉዳት ካሳው በዋናነት በሁለታችሁ ስምምነት ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ገጽ ወረቀት ማስፈሩ ለሁለቱም ይበጃል። እኛ የመታወቂያ ቅጂና አንድ ዋስ ተቀብለን፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለሚሠሩበት በወር 4,000 ብር ተስማምተናል፤ መሣሪያው የእኛ ነው፣ ቢላዋው ብቻ የራሳቸው ነው። ለእኔ ሳይነገር የተባይ መድኃኒት እንደማይረጭም ጽፈናል። በክረምት ሰርዶው በፍጥነት ስለሚያድግ ተጨማሪ ግማሽ ቀን እናስባለን።

እንከን የለባቸውም አልልም። ለቅሶ ወይም የአዝመራ ሥራ ሲኖር ቀርተው በሦስተኛው ቀን ብቅ ይላሉ፤ ስልካቸውም አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ለአበባ ያላቸው ግምት ዝቅተኛ በመሆኑ ጽጌረዳው መካከል ክፍት ቦታ ባገኙ ጊዜ ሳያማክሩኝ ጎመን ተክለውበታል። ተቆጣሁ፤ በኋላ ግን ጎመኑን በልተነዋል። ግቢው ዘወትር ፎቶ እንዲነሳበት የሚፈልግ ሰው በእሳቸው ሥራ አይረካም፤ ዛፍና ጓሮ ላለው ቤት ግን ከሦስቱ ያለ ማመንታት እሳቸውን እመርጣለሁ። የተላጨውን ጥድ በተመለከተ ሲያዩት ራሳቸውን ነቅንቀው «ይሄ አይመለስም» ብለው ነበር። በመጋቢት ዝናብ መግቢያ ላይ የተላጩትን ሰባት ጥዶች ነቅለው ሌላ ጥድ ተክለውበታል፤ አሁን ቁመቱ ጉልበቴ ላይ ደርሷል፣ መቀስም እስካሁን አልነካውም።