ከሰኔ እስከ ጥር፦ የክሮሞሊ ሹካ በደብረ ማርቆስ ኮብልስቶን ላይ

ባለ 20 ኢንቹን የቢኤምኤክስ (የዝላይ) ብስክሌት ባሕር ዳር ላይ መንዳትና ደብረ ማርቆስ ላይ መንዳት አንድ አይደለም። ባሕር ዳር ሜዳ ነው። እዚህ ኮብልስቶኑና ቁልቁለቱ ጉልበቱን የሚያሳርፈው የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ ነው፤ ይህ የብስክሌት ዓይነት ሞላ ስለሌለው ምቱን የሚችለው ብረቱ ብቻ ነው። አብሮት የመጣው ተራ ሹካ ወደ ኋላ ስለታጠፈ ሰኔ ላይ 4130 በሚባለው ክሮሞሊ የተሠራ ገዛሁ። ክሮሞሊ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም በጥቂቱ የተቀላቀለበት ብረት ነው።

ወዳጄ በያጁ ሲያየው ሳቀ። «ይህን ቀጭን ቱቦ አምነህ ልትዘል ነው?» እሱ የሚያውቀው ማጠናከሪያ ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዙት የሹካው እግሮች ላይ ፌሮ መደረብ ነው። ሥራውን በሰፈሩ ልጆች ብስክሌት ላይ አይቼዋለሁ፤ ፌሮው ያለበት አይታጠፍም፣ ፌሮው የሚያልቅበት ግን ይሰነጠቃል። ግትር የሆነው ክፍል ጭነቱን ሁሉ እዚያች ጠርዝ ላይ ያራግፈዋልና።

በደንብ የተሠራ ሹካ ብረቱን የሚያወፍረው በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ነው። ከዝላይ ሲታረፍ ከሁሉ የሚብሰው ጫና የሚያርፈው ወደ መሪው የሚወጣው ቱቦ ከሁለቱ እግሮች ጋር በሚገናኝበት ሥር ላይ ነው። ስለዚህ የቱቦው የውጭ ስፋት ከላይ እስከ ታች 28.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ግድግዳው ወደ ታች ይወፍራል። የእኔን ከሥር በእጅ ባትሪ ሳየው ቀዳዳው እዚያ ላይ ጠበብ ይላል። ገበያ ላይ «4130» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ይህን ግን በዓይን ማየት ይቻላል። እግሮቹም እንዲሁ ከላይ ሰፍተው ወደ ፔርኖው ሲወርዱ ይቀጥናሉ። ፔርኖው የሚገባበት ጫፍ ወፍራም ላሜራ ነው።

ቀሪው ጥንካሬ የሚመጣው ከእሳት ነው። አንጥረኛ ምሳሩን አግሎ ውኃ ውስጥ እንደሚነክረው፣ ጥሩ ሹካም ከተበየደ በኋላ በምድጃ ይግላል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም እንዳይሰባበር ዝቅ ባለ ሙቀት እንደገና ይሞቃል። እንዲህ ያለውን ሹካ መልሶ መበየድ የተገዛበትን ጥንካሬ ብየዳው ባረፈበት ዙሪያ ያጠፋዋል። ወዳጄ ይህን አልተቀበለኝም፤ አሁንም ፌሮውን ይዞ ይጠብቀኛል።

ክረምቱን ሙሉ በጭቃና በዝናብ ነድቼዋለሁ፤ ከደረጃ ወርጄበታለሁ፤ የእህቴ ልጅም ከእኔ ከፍ አድርጎ ዘሎበታል። እስካሁን አልታጠፈም፤ መሪውን ስለቅም ጎማው ወደ ጎን አይስብም። በየጊዜው የማየው ብየዳው አጠገብ ያለውን ቀለም ነው። ብረቱ ሲጎብጥ ቀለሙ ቀድሞ ይሸበሸባል፣ ሲሰነጠቅም ቀጭን መስመር ይታያል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየበትን ሹካ ማንም ሰው አንድ ቀን እንኳ ሊነዳው አይገባም።

ያልወደድኩት አለ። እግሮቹ ላይ በብየዳ ጊዜ ትኩስ አየር እንዲወጣ የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ውኃ ያስገባሉ፤ መስከረም ላይ ስፈታው የዛገ ውኃ ወጣ። አሁን ከዝናብ በፊት ውስጡን ዘይት እቀባዋለሁ፤ ሻጩ ግን ይህን አልነገረኝም። ከዚህ የሚብሰው የፊት ፍሬን ማሰሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ለዝላይ ለሚነዳ ልጅ ይህ ቅር አይለውም፤ በእርጥብ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን የኋላ ፍሬን ብቻ አይበቃም፤ ጎማው ይንሸራተታል።

ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሹካው ቱቦ የሚያልፍበትን የብስክሌቱን አንገት ይለካ። የብዙ አሮጌ ብስክሌቶች አንገት ጠባብ ነው፤ መሪያቸውም ጥርስ ባለው ቱቦ ውስጥ ይገባል። ይህ ሹካ ጥርስ የለውም፤ መሪ ያዡ ከውጭ አቅፎ ነው የሚይዘው። ኩሺኔታውና መሪ ያዡ አብረው ካልተቀየሩ ሹካው ብቻውን አይገጥምም፤ ወጪውም እዚያ ላይ ነው የሚከፋው።