ኮሎምቢያ ወይስ ብራውን?

ሁለቱም አይቪ ሊግ የሚባሉት ታዋቂ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ ሁለቱም ጋ መግባት ከባድ ነው። አማካሪዎች አንድ ላይ ይጠሯቸዋል። ትምህርታቸው ግን በጣም ይለያያል።

ኮሎምቢያ ኮሌጅ ከገባህ ኮር ካሪኩለም፣ ማለትም ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ ትምህርት፣ አይቀርልህም። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ፊዚክስ ላጠና ብለህ ብትሄድም ከጥንት ግሪኮች ጀምረህ እያነበብክ፣ ሃያ ምናምን ተማሪ ባለበት ክፍል ጠረጴዛ ከበህ ትከራከራለህ። ንባቡ ይከብዳል፣ ግን የዶርም ጓደኛህም ያንኑ መጽሐፍ ስለሚያነብ ወሬው እራት ላይ ይቀጥላል። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። የውኃ ዋና ፈተና ሳይቀር አለ!

ብራውን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ግዴታ ትቶታል። ከዋና ትምህርትህና ከጽሑፍ ክህሎት መስፈርት ውጪ የምትማረውን ራስህ ትመርጣለህ። ከፈለግክ ኮርሱን ያለ ኤ እና ቢ፣ በ"አለፈ" ብቻ ትወስደዋለህ፣ ከወደቅክም ውጪ በሚላከው ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። እዚህ አገር በአንድ ማትሪክ ውጤት ስንሰጋ ላደግን ልጆች ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ምን እንደሚፈልግ ገና ያላወቀ ልጅ ግን ሊባዝን ይችላል።

ኑሮውስ? ኮሎምቢያ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ ነው፣ ከግቢው በር ባቡር ይዘህ ከተማው ውስጥ ትጠፋለህ። ብራውን ያለባት ፕሮቪደንስ ግን ትንሽ ከተማ ስለሆነች የብራውን ሕይወት እዚያው ግቢው ዙሪያ ይሞቃል።

ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ደግሞ ገንዘቡ ወሳኝ ነው። ብራውን እ.ኤ.አ. በ2025 ከገቡት ጀምሮ የውጭ ተማሪን ሲመርጥ የመክፈል አቅሙን አያይም። ኮሎምቢያ ግን ያያል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ብራውን ነበር የማመለክተው።