ፎቶና ግሩፕ ቴክስት አልሄድ ላላችሁ፦ ስለ አንድ ስልክ ሠሪ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአካባቢው ወገኖቻችን። ይህን የምንጽፈው የእድራችንን የቴክስት ግሩፕ የምናስተዳድር ሰዎች ነን። ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ጠረጴዛ ይዞ የእናቶችንና የአባቶችን ስልክ አንድ በአንድ ላስተካከለልን ወንድማችን እግዚአብሔር ይስጥልን ልንለው ፈልገን ነው። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር አደባባይ ላይ መለጠፍ ደግ ስላልሆነ፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። እዚህ የምናስቀምጠው ለምን እንደምንጠቁመው ነው።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። ተራ ቴክስት ይሄዳል። የለቅሶ ቤቱ አድራሻ ያለበት ፎቶ ወይም ለሁሉም የሚላክ መልእክት ሲሆን ግን ይሽከረከር ይሽከረከርና "አልተላከም" ይላል። ብዙ ቦታ መልሱ "ስልኩ አርጅቷል፣ ቀይሩት" ወይም "ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጀምረው" ነው። ይሄ ልጅ ግን ምንም ሳይነካ ሦስት መልእክት ያስልካል። አንዱ ለአንድ ሰው ጽሑፍ ብቻ፣ ሁለተኛው ለዚያው ሰው ፎቶ፣ ሦስተኛው ለሁለት ሰው በአንድ ላይ ጽሑፍ ነው። ሦስቱም ካልሄዱ ጉዳዩ የመስመሩ ወይም የሲሙ ነው። የመጀመሪያው ሄዶ ሁለቱ ከቀሩ የዳታው መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ብቻ ከቀረ ደግሞ ወይ የግሩፕ ሴቲንጉ ወይ ግሩፑ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ሥራው ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ተራ ቴክስት ዳታ ሳይፈልግ በስልኩ መስመር ይሄዳል። ፎቶና ግሩፕ ቴክስት ግን ኤምኤምኤስ የሚባል ሌላ ዓይነት መልእክት ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ ወደ ስልክ ኩባንያው ሰርቨር ሄዶ ነው ለተቀባዩ የሚደርሰው። "ቤቴ ዋይፋይ አለ እኮ" የሚሉት ብዙ ናቸው። አይፎን ለአይፎን ሲሆን፣ ማለትም መልእክቱ ሰማያዊ ሲሆን፣ ዋይፋይ ይበቃል። አረንጓዴ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞባይል ዳታው መከፈት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ዋይፋዩን ያጠፋና አንድ ድረ ገጽ ይከፍታል። ካልከፈተ ወይ ዳታው ተዘግቷል፣ ወይ የወሩ ዳታ አልቋል፣ ወይ ፕላኑ የንግግርና የቴክስት ብቻ ነው። ዳታው ከተዘጋ ይከፍተዋል። ዳታው ካለቀ ወይም ፕላኑ ዳታ ከሌለው ግን ስልኩን ማንም ሊጠግነው አይችልም፣ የሚስተካከለው ፕላኑ ነው። ቀጥሎ ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚያሳልፍ አፕ፣ ስልኩ ላይ እንዳለ ያያል። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ይዘውት የመጡት ስልክ ላይ ቪፒኤን መች ይጠፋል! የኤምኤምኤሱ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ከኩባንያው ኔትወርክ ውጭ ስለማይገኝ፣ ቪፒኤኑ እንደበራ ፎቶው ደጅ ላይ ይቀራል።

ዳታው እየሠራ ፎቶው ብቻ እምቢ ካለ የሚያየው ኤፒኤኑን፣ ማለትም ስልኩ ከኩባንያው ዳታ ጋር የሚገናኝበትን ሴቲንግ ነው። ከሌላ አገር በመጣ ስልክ ላይ የቅድመ ክፍያ ሲም ሲገባ ኤፒኤኑ አንዳንዴ ራሱ አይሞላም፣ ወይም ጎዶሎ ይሞላል። አንድ ሳምሰንግ ላይ ያሳየን ይህንኑ ነው። ሴቲንግስ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሞባይል ኔትወርክስ፣ አክሰስ ፖይንት ኔምስ ብሎ ገባ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። "ኤፒኤን ታይፕ" የሚለው መስመር ላይ ግን "ዲፎልት" እና "ኤስዩፒኤል" ብቻ ተጽፏል፣ "ኤምኤምኤስ" የሚለው የለም። የኤምኤምኤሱ ሰርቨር አድራሻ የሚጻፍበት "ኤምኤምኤስሲ" የሚለውም ባዶ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ "ሪሴት ቱ ዲፎልት" አለው። ይህ ካልሞላው ከኩባንያው ገጽ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይገለብጣል። አይነቶቹ የሚለያዩት በኮማ ነው፣ መሐላቸው ባዶ ቦታ አይገባም። ሴቭ ካደረገ በኋላ ስልኩን አጥፍቶ ያበራዋል። አይፎን ላይ ይህ ገጽ ሴሉላር ውስጥ "ሴሉላር ዳታ ኔትወርክ" ይባላል፣ ነገር ግን ኩባንያው ካልፈቀደ ጭራሽ አይታይም።

የግሩፕ ሴቲንጉ አጭር ነው። አይፎን ላይ ሜሴጅስ ሴቲንግ ውስጥ "ኤምኤምኤስ ሜሴጂንግ" እና "ግሩፕ ሜሴጂንግ" ሁለቱም ይብሩ። አዲሱ ሲስተም ላይ ሜሴጅስን "አፕስ" በሚለው ሥር ነው የምታገኙት። አንድሮይድ ላይ የጎግል ሜሴጅስን ሴቲንግ ከፍታችሁ "አድቫንስድ" ውስጥ "ግሩፕ ሜሴጂንግ" በሉና ሁለተኛውን፣ "ግሩፕ ኤምኤምኤስ" የሚለውን ምረጡ። የመጀመሪያው "ማስ ቴክስት" የሚባለው ነው። መልእክቱን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለሚልክ መልሱ ለላኪው ብቻ ይመጣል፣ ሌላው አያየውም። "ግሩፑ ውስጥ ማንም አይመልስልኝም" ብለው ቅር ያላቸው እናት ቢኖሩ መጀመሪያ ይህን እዩላቸው።

አሁን የእኛን ቤት በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ። ግሩፑ ውስጥ በ251 የሚጀምር ቁጥር አለ ወይ? እዚህ ያሉትን አሥር ዘመዶች ይዞ አዲስ አበባ ያለችውን እህት የጨመረ ግሩፕ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በእሷ ቁጥር ነው። ኤምኤምኤስ ወደ ውጭ አገር ብዙውን ጊዜ አያልፍም ወይም ተጨማሪ ያስከፍላል። ባንዳንድ ስልክ እሷ ብቻ ሳትሆን መላው መልእክት ነው "አልተላከም" የሚባለው። ቁጥሯ ከዜሮ ጀምሮ እንደ አገር ቤቱ ከተመዘገበማ ጭራሽ አይታወቅም። የቤት መስመር ስልክ ቁጥርም እንዲሁ ያሰናክላል። የልጁ ዘዴ ቀላል ነው፦ ግሩፑን ለሁለት ከፍሎ ይሞክራል፣ ያልሄደውን ግማሽ እንደገና ይከፍላል፣ እንዲህ እያለ ቁጥሩ ላይ ይደርሳል። አገር ቤት ላሉት ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ ለብቻ መክፈት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። የግሩፑ ብዛትም ልክ አለው። ሁሉም አይፎን ከሆነ 32 ሰው ነው፣ ኤምኤምኤስ ሲሆን የሚወስነው ኩባንያው ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ እድር በአንድ ግሩፕ ቴክስት አይያዝም። ኮሚቴዎች እባካችሁ ይህን ልብ በሉልን።

ከአይፎን ወደ ሳምሰንግ የተሻገራችሁ ደግሞ የራሳችሁ ጣጣ አለባችሁ። ቁጥራችሁ አይሜሴጅ ላይ፣ ማለትም በአይፎን ለአይፎኑ ሰማያዊ መልእክት ላይ፣ እንደተመዘገበ ስለሚቀር፣ አይፎን ያላቸው ሰዎች የሚልኩት ወደ አሮጌው ስልክ ይሄዳል። ሲሙን ወደ አይፎኑ መልሳችሁ አይሜሴጅን አጥፉ። አይፎኑ ከእጃችሁ ከወጣ አፕል ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ማሰረዣ አለ፣ በቴክስት የሚመጣውን ኮድ ማስገባት ብቻ ነው። ከዚያ ሌሎቹ የድሮውን ግሩፕ ትተው አዲስ ይክፈቱ።

ከ2024 ወዲህ አይፎንም አርሲኤስ የሚባለውን በኢንተርኔት የሚሄድ የቴክስት ዓይነት ስለጀመረ፣ ሁለቱም ወገን ያለው ከሆነ ፎቶ ለአንድሮይድም በዋይፋይ ይሄዳል፣ ጥራቱም ከኤምኤምኤስ ይሻላል። ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው ከሌለው ግን ሁሉም ወደ ኤምኤምኤስ ይመለሳል። ረጅም ቪዲዮ በኤምኤምኤስ አትላኩ፣ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ቢሄድም ደብዝዞ ነው የሚደርሰው። የስልኩ ሜሞሪ ከሞላም የተላከላችሁ ፎቶ ዳውንሎድ አይሆንም።

ኔትወርክ ሪሴት የሚያደርገው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ፎቶና ቴክስት አያጠፋም፣ የዋይፋይ ፓስወርዶችን ግን ያጠፋል። ስለዚህ "የቤታችሁን ዋይፋይ ፓስወርድ ታውቁታላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። አላውቀውም ላሉት አልነካም ብሎ ለሌላ ቀን ቀጠራቸው። እኛ በእጅጉ የወደድንለት ይህን ነው። ከሴቲንግ ለማያልፍ ሥራም ገንዘብ አልተቀበለም።

ወደ ልጁ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ስትሄዱ የስልኩን መክፈቻ ኮድ፣ የአፕል ወይም የጎግል ፓስወርዳችሁንና መልእክቱ የማይደርሰውን ሰው ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የኩባንያችሁን ስምና የቅድመ ክፍያ መሆን አለመሆኑንም እወቁ። እናቶችን ለብቻቸው አትላኳቸው፣ የአፕል ወይም የጎግል ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በልጆቻቸው ስልክ ነውና። ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው።