ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ያለው «1050 ቲአይ» እንዳትገዙ

ሰላም ወገን። ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳና በዙሪያው ላላችሁ፣ ብር አጠራቅማችሁ ለጌም ኮምፒውተራችሁ ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ላሰባችሁ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ» ተብሎ የሚሸጥ ካርድ ከኋላው ሰማያዊ የቪጂኤ (የአሮጌ ስክሪን ገመድ የሚሰካበት) ቀዳዳ ካለው ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ያ ካርድ 1050 ቲአይ አይደለም።

እኔ ይህን ሳላውቅ 11 ሺህ ብር ከፍያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ጌም እንዳይነካ ተባብለን ነበር። ቃሉን ጠበቀ። ስለዚህ ተራው የኔ ሆነ። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ነው፤ አራተኛ ትውልድ አይ5፣ 8 ጊጋ ራም። ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ቀን አንድ ሱቅ ገባሁ። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ነገሩ የአንድ ሱቅ ብቻ አይደለም፣ ያንኑ ካርቶን ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ላይ ሌሎች ሰዎች ሲሸጡትም አይቻለሁ።

ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ» አለኝ። ካርቶኑ ላይ የአምራች ስም የለም። ሮቦት የሚመስል ሥዕልና «ግራፊክስ ካርድ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤ ዊንዶውስ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ አወጣው፣ ሚሞሪው 4 ጊጋ። ከኋላው ቪጂኤ፣ ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ አለው። የኛ ስክሪን አሮጌ ስለሆነ ቪጂኤውን ሳይ ደስ አለኝ፣ ቀያሪ ከመግዛት ተገላገልኩ ብዬ። ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመርበታል» አለኝ። ተውኩት። ካርዱ ከላዩ ባለ 6 ፒን የመብራት መሰኪያ ነበረው፣ የኛ ዴል ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ይህን ስነግረው ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ መብራት ከሚሰጠው ገመድ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር ገመድ በነጻ መረቀልኝ።

ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሬ 130 ኪሎ ሜትሩን ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ማታውኑ ሰካነው። የእግር ኳስ ጌሙ ተከፈተ፣ ወንድሜ ጮኸ፣ እማዬ ምን ሆናችሁ ብላ ከማድ ቤት ብቅ አለች። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሜዳው ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር ተጋደመ፣ ድምፁ መንተባተብ ጀመረ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ደግመን ከፈትን፣ ያው። በሦስተኛው የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ኬዙን ስከፍተው የተመረቀልኝ ገመድ ጫፉ ለስልሷል። በጣቴ ስነካው ጎበጥ ብሎ ቀረ። መኝታ ቤቱ ያለው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ወዲያ ነው፣ ሌሊት ከፍተነው ብንተኛ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ እስካሁን ያስፈራኛል።

በማግሥቱ ጠባሴ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኩት። ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ «ፌክ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ወደ ታች እየጠቆመ አሳየኝ። ኮሮቹ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያሰሉት ክፍሎች፣ 192። የቺፑ አሠራር 40 ናኖሜትር፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ ነው ቺፑ አዲስ የሚሆነው። ትክክለኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር ያለው፣ በ14 ናኖሜትር የተሠራና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የወጣ ካርድ ነው። 11 ሺህ ብር የከፈልኩበት ዕቃ ግን በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማችኋል። አሮጌ ካርድ ይወስዱና ውስጡ ያለውን ባዮስ በሌላ ይተኩታል። ባዮስ ማለት ካርዱ ስለራሱ ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት ጽሑፍ ነው በሉት። ስሙ ይቀየራል፣ 1 ጊጋ የነበረው ሚሞሪ 4 ጊጋ ነኝ ይላል። ዊንዶውስ ደግሞ የተነገረውን ያምናል፤ ቺፑን ከፍቶ አያይም። ሻጩ «ይኸው በዓይንህ እየው» ሲላችሁ የምታዩት ያንን የተጻፈ ስም ነው። ቀለል ያለ ነገር ስትከፍቱ ሁሉ ደህና ይመስላል። ጌሙ ከእውነተኛው 1 ጊጋ በላይ የጠየቀ ዕለት ግን ካርዱ የሌለውን ሚሞሪ ሊሰጥ ይሞክራል፣ መስመሩና መጥቆሩ የሚመጣው ያኔ ነው። አዲሱን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከቺፑ ሠሪ ከኤንቪዲያ አውርዳችሁ ብትጭኑም አይሠራላችሁም፣ ለዚያ ትውልድ ድራይቨር ማውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ቩልካን (ጌም ከካርድ ጋር የሚነጋገርበት አዲስ መንገድ) የሚጠይቅ ጌም ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም።

ቪጂኤው ለምን ያጋልጠዋል? ኤንቪዲያ 1050 ቲአይ ካለበት ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ለቪጂኤ የሚያስፈልገውን የአናሎግ ምልክት ከቺፑ ውስጥ አውጥቶታል። ስለዚህ እውነተኛ 1050 ቲአይ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ብዙ ጊዜ ዲቪአይ ነው ያለው። ዲቪአዩንም ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠፍጣፋዋ ሰንጣቃ ቀዳዳ ዙሪያ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ እሱም አናሎግ ነው፤ 1050 ቲአይ ላይ መኖር የለባቸውም። እኔን ደስ ያሰኘኝ ቀዳዳ ራሱ ነበር ማስረጃው። አሮጌ ስክሪን ያላችሁ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ለብቻው ግዙ፤ ከካርዱ አንጻር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም።

ጂፒዩ-ዚን በነጻ አውርዱና ፍላሻችሁ ላይ አድርጉት። ሳይጫን ይከፈታል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉ የተቀየሩ የኤንቪዲያ ካርዶችን እየለየ ያሳውቃል። ሻጩን «ይህችን ልክፈት» በሉት። እሺ ካለ ጥሩ ነው፣ «ቫይረስ ይኖረዋል» ወይም «ኮምፒውተሩ የሰው ነው» ካለ ውጡ። ከዚያ ጌም ወይም ፈርማርክ (ካርድን በሙሉ አቅሙ አሠርቶ የሚፈትን ፕሮግራም) ተከፍቶ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይሂድ። ዴስክቶፑን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ሩቅ አገር ያለ ሻጭ በቴሌብር አስቀድማችሁ ላኩ ካላችሁ ደግሞ ተዉት፤ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ድረስ ተመልሶ ክርክር የሚገጥም ማን አለ?

የኛ ሰው ስለ ካርድ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ስንት ጊጋ ነው?» ነው። እኔም ያንን ነው የጠየቅኩት። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 (ዘገምተኛ የሚሞሪ ዓይነት) ትልቅ ነገር ተደርጎ የሚሸጠው። ቤታችሁ ትልቅ ሮቶ አስቀምጣችሁ ቧንቧው የእስክሪብቶ ቀፎ የሚያህል ቢሆን ምን ይጠቅማል? የካርዱ ቧንቧ የሚሞሪው ፍጥነት ነው። ጂቲ 1030ን እዩ። በስም አንድ ነው፣ በጊጋም ሁለቱም 2 ጊጋ ናቸው፤ ግን ጂዲዲአር5 ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ዲዲአር4 ያለው ደግሞ 16.8 ብቻ። እውነተኛው 1050 ቲአይ 112 ነው። ካርቶኑ ላይ ከጊጋው ቀጥሎ የተጻፈውን አንብቡ፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።

ከሌላው ቺፕ ሠሪ ከኤኤምዲ አርኤክስ 580 ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልበል። ትክክለኛው 2304 ኮር አለው። ለቻይና ገበያ የወጣ «2048ኤስፒ» የሚባል ሌላ አለ፣ ስሙ 580 ቢሆንም አቅሙ ወደ 570 የሚጠጋ ነው። መጥፎ ካርድ አይደለም፣ በ570 ዋጋ ከሆነ። ኢተሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 መስከረም ላይ በካርድ ማይን መደረጉ (በካርድ ስሌት መመረቱ) ሲቀር በየአገሩ ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ወጥቷል፣ እና እኛ እጅ የሚገባው 580 ቀንና ሌት ሲሠራ የኖረ ሊሆን ይችላል። ፋኑን በጣታችሁ አዙሩት፣ ከተንጓጓ ተጠንቀቁ። ደግሞ እስከ 185 ዋት ይጠይቃል። የቢሮ ኮምፒውተር ይህን አይሸከምም።

ይኼ የመብራቱ ነገር ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ካርዱ ቢከሽፍ ብር ነው የሚሄደው፣ ገመዱ ቢቀልጥ ግን ቤት ነው። ብዙዎቻችን ያለን ከቢሮ የወጣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ነው፣ ባለ 6 ፒን ገመድም ብዙ ጊዜ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። የሳታ ገመድ በ12 ቮልቱ የሚችለው 54 ዋት ብቻ ነው። ከሳታ ወደ 6 ፒን የሚቀይረው ገመድ ግን 75 ዋት ለሚስብ መሰኪያ ነው የሚቀጠለው። የኔ የቀለጠው ለዚህ ነው። በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ሻጩ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ አይሞቅም» ብሎኝ ነበር። የገመድ መቅለጥ ከአየሩ ብርድ ጋር አይገናኝም። እንዲያውም ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል።

ስለዚህ ለቢሮ ኮምፒውተር የምትፈልጉት ከመሰኪያው ብቻ የሚሠራ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ነው። እውነተኛ 1050 ቲአይ አብዛኛው እንዲህ ነው። ጂቲኤክስ 1650ም 75 ዋት ነው፣ 896 ኮር አለው፣ የወጣው በ2019 ነው፤ አንዳንዱ ባለ 6 ፒን ስለሆነ የሌለውን ምረጡ። ኬዛችሁ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን ጠይቁ፣ አለበለዚያ ክዳኑ አይዘጋም። አርኤክስ 6400 ዋቱ ትንሽ ነው፣ 53፣ ግን በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ እንደኛ ባለ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱን ይቀንሳል። ራማችሁ ባለ አንድ ዱላ ከሆነ ደግሞ ከካርድ በፊት ሁለተኛውን ጨምሩ።

ለሻጩ ደወልኩለት። መጀመሪያ «ፓወር ሰፕላይህ ነው» አለ። ቀጥሎ «መብራት መትቶት ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ማንሳት አቆመ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ ከኔ ጋር ነበር፣ ማስረጃው ግን የለኝም። ቫቱን ሸሽቼ ሙሉውን አጣሁ። እባካችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የካርዱ ሙሉ ስምም ላዩ ላይ ይጻፍበት፤ «ግራፊክስ ካርድ» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ።

ካርዱ እስካሁን እኔ ጋ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ 1050 ቲአይ እንዳለኝ ሰምቶ በ8 ሺህ ሊገዛኝ ቤት ድረስ መጣ። ብሩን ይዞ ነበር። ሰክቼ ጂፒዩ-ዚን ከፍቼ አሳየሁት፣ ቪጂኤውንም አሳየሁት፣ ብሩን እንደያዘ ሸኘሁት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ካርድ ልትገዙ ያላችሁ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፣ ፍላሹን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።